የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ስለ ሚዲያ አድልዎና ስለ «ሁለት ሚዛን» የሚያነሡት ክስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ አከራካሪው ተደርድረዋል፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወግ አጥባቂዎቹ «ሁለት ሚዛን» የሚሉት ምንድን ነው?

ሲገዛ አንድ፣ ሲሸጥ ሌላ ሚዛን የሚያወጣ ነጋዴ ሁላችንም እናውቃለን። የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች በታላላቅ ጋዜጦች፣ በቴሌቪዥን ጣቢያዎችና በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ላይ የሚያቀርቡት ክስ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አንድ ዓይነት ድርጊት ሪፐብሊካን ሲፈጽመው ቅሌት ተብሎ በፊት ገጽ ይወጣል፣ ዲሞክራት ሲፈጽመው ግን «ውስብስብ ጉዳይ» ተብሎ ወደ ውስጥ ገጽ ይገባል ነው የሚሉት።

ክሱ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ስለሚይዝ ለያይቶ ማየት ይጠቅማል። አንደኛው የሚዲያ አድልዎ ነው፤ ይኸውም የትኛው ወሬ ዜና ይሁን፣ በምን ቃል ይነገር፣ የማን አስተያየት ይታከልበት የሚለውን የሚመለከት ነው። ሁለተኛው የፖለቲካና የሕግ ሁለት ሚዛን ሲሆን ዐቃቤ ሕጉን፣ ምክር ቤቱንና ዳኛውን ይመለከታል። የመጀመሪያውን ጋዜጣውን ዘርግቶ በጣት እየነኩ ማሳየት ይቻላል። ሁለተኛው ግን የተነጻጸሩት ሁለት ድርጊቶች በእርግጥ አንድ ዓይነት ናቸው ወይ የሚለው ሳይመለስ አንድ እርምጃ አይራመድም፤ አብዛኛው ክርክር የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

ይህ ቅሬታ ከዶናልድ ትራምፕ ጋር የመጣ ነው?

አይደለም፤ ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ1964 ሪፐብሊካኑ ባሪ ጎልድዋተር ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ አንድ መጽሔት በአገሪቱ ላሉ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መጠይቅ ልኮ፣ ሰውየውን አንድም ቀን ያልመረመሩ ከ1,000 በላይ ሐኪሞች ለሥልጣኑ ብቁ አይደሉም ማለታቸውን አወጣ። ጎልድዋተር ከምርጫው በኋላ መጽሔቱን ከስሰው ረቱ፤ የሐኪሞቹ ማኅበርም በ1973 ያልመረመሩትን ሰው በአደባባይ መፈረጅን በሥነ ምግባር ደንቡ ከለከለ። ደንቡ ዛሬም በጎልድዋተር ስም ይጠራል።

ቅሬታውን ከመንግሥት ሰገነት ያሰሙት ግን ምክትል ፕሬዚዳንት ስፒሮ አግኒው ናቸው። ኖቬምበር 13 ቀን 1969 በአዮዋ ግዛት በዴ ሞይን ከተማ ባደረጉት ንግግር፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ስለ ቬትናም ጦርነት ለሕዝብ ተናግረው ከማብቃታቸው የቴሌቪዥን ተንታኞች ንግግሩን መበለት መጀመራቸውን አንሥተው፣ ማንም ያልመረጣቸው ጥቂት ሰዎች በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ተቀምጠው አገሪቱ የምታየውን ይወስናሉ ሲሉ ወቀሱ። የተወቀሱት ሦስቱ ጣቢያዎች ራሳቸው ንግግሩን በቀጥታ ማስተላለፋቸው ያስገርማል። (አግኒው ከአራት ዓመት በኋላ በግብር ማጭበርበር ክስ ከሥልጣን ወርደዋል፤ ቅሬታቸው ግን አብሯቸው አልወረደም።)

ከዚያ ወዲህ ቅሬታው ተቋም አበጅቷል። በዚያው በ1969 «አኪዩረሲ ኢን ሚዲያ»፣ በ1987 ደግሞ «ሚዲያ ሪሰርች ሴንተር» የተባሉ ድርጅቶች ተመሥርተው የዜና ሥርጭቶችን እየተከታተሉ ያዛባሉ የሚሏቸውን ዘገባዎች መመዝገብ ጀመሩ። ብሮድካስተሮች አከራካሪ ጉዳዮችን ሚዛናዊ አድርገው እንዲያቀርቡ ከ1949 ጀምሮ ያስገድድ የነበረው መመሪያ በ1987 ሲሻር፣ በማግሥቱ ዓመት የወግ አጥባቂው የራሽ ሊምቦ የሬዲዮ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ መሰማት ያዘ፤ በ1996 ፎክስ ኒውስ ተከፈተ። ትራምፕ ሲመጡ ቅሬታው የራሱ ሬዲዮ፣ የራሱ ቴሌቪዥንና የራሱ አድማጭ ነበረው።

ጋዜጠኞች ወደ ዲሞክራቶች ያዘነብላሉ የሚባለው እውነት ነው?

ስለ ግል አመለካከታቸው ከሆነ፣ አዎ፤ ይህ ክፍል ብዙም አያከራክርም። የአሜሪካ ጋዜጠኞችን ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ሲከታተል በቆየው የዩኒቨርሲቲ ጥናት መሠረት፣ በ1971 ከአራት ጋዜጠኞች አንዱ ገደማ ራሱን ሪፐብሊካን ይል ነበር። በ2013 ቁጥሩ ወደ 7 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ ወደ 3.4 በመቶ ወርዷል። በ2022 ራሳቸውን ዲሞክራት ያሉት 36 በመቶ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማንም ደጋፊ አይደለንም ብለዋል። እዚህ ላይ አንባቢ ቢጠራጠር አይደንቅም፤ ገለልተኛ ነኝ ማለት በሙያው የሚጠበቅ መልስ ነውና።

በኤፕሪል 2024 በሕዝባዊው ሬዲዮ በኤንፒአር ለ25 ዓመታት የሠሩት አርታኢ ዩሪ በርሊነር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ባለው የዜና ክፍል በኤዲቶሪያል ሥራ ላይ ካሉት መካከል 87 የተመዘገቡ ዲሞክራቶች ማግኘታቸውንና አንድም ሪፐብሊካን ማጣታቸውን ገለጹ። ባልደረባቸው ስቲቭ ኢንስኪፕ አቈጣጠሩን ተቃውመው ተከራከሩ። ጣቢያው ግን በርሊነርን ያለ ደመወዝ ለአምስት ቀን ካገዳቸው በኋላ ሰውየው ሥራቸውን ለቀቁ፤ ለወግ አጥባቂዎቹ ከቁጥሩ ይልቅ ይህ አጨራረስ የበለጠ ተናጋሪ ሆኖ ተገኝቷል።

የግል አመለካከታቸው ዘገባውን እንደሚያዛባ ተረጋግጧል?

እንደሚለካው ነገር ይለያያል። በ2020 በታተመ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች እጩ ተወዳዳሪ ነን ከሚሉ የፈጠራ ስሞች በሺህ ለሚቆጠሩ ጋዜጠኞች ኢሜይል ላኩ፤ ደብዳቤው አንድ ሆኖ የእጩው አቋም ብቻ ከወግ አጥባቂ እስከ ግራ ዘመም ይቀያየር ነበር። ጋዜጠኞቹ አብዛኞቹ ወደ ግራ ያዘነበሉ ቢሆኑም መልስ ሲሰጡ አንዱን ከሌላው አላበላለጡም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010 ማቲው ጀንትዝኮውና ጄሲ ሻፒሮ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የጋዜጦችን ቋንቋ ከምክር ቤት አባላት ንግግር ጋር አነጻጽረው፣ የጋዜጣው ዝንባሌ ከባለቤቱ ይልቅ የአንባቢውን ዝንባሌ እንደሚከተል አሳይተዋል። ገበያ ነው ማለት ነው።

እነዚህ ጥናቶች «ከላይ የሚመራ ሤራ አለ» የሚለውን ያዳክሙታል እንጂ ቅሬታውን በሙሉ አይመልሱትም። አንድን እጩ ለቃለ መጠይቅ መጋበዝ ቀላሉ ነገር ነው፤ ከባዱ፣ ሁሉም የሚግባቡበት የዜና ክፍል ውስጥ «ቆይ፣ ይህንን ማን አረጋገጠ?» ብሎ የሚያቋርጥ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። ያንን ደግሞ ኢሜይል በመላክ መለካት አይቻልም።

አድልዎ በአንድ ዘገባ ውስጥ በምን ይታያል?

በውሸት እምብዛም አይታይም፤ በቃል ምርጫ ግን በየቀኑ ይታያል። አሶሺየትድ ፕሬስ በኤፕሪል 2013 «ሕገ ወጥ ስደተኛ» የሚለውን አጠራር ከዘገባ መመሪያው ሲያወጣ፣ ሕገ ወጥ የሚለው ቃል ድርጊትን እንጂ ሰውን ሊገልጽ አይገባም የሚል ምክንያት ሰጠ። ምክንያቱ የሚያሳምን ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና በስደት ፖለቲካ ውስጥ የአንደኛው ወገን መከራከሪያ የነበረው ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ የብዙ ጋዜጦች ሰዋስው ሆነ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይህን በየዕለቱ ይጋፈጠዋል፤ «ሕገ ወጥ ስደተኛ»፣ «ሰነድ አልባ»፣ «መኖሪያ ፈቃድ የሌለው» ከሚሉት አንዱን በመረጠ ቁጥር ሳይወድ ወገን ይይዛል። ሪፐብሊካኖችም የውርስ ግብርን «የሞት ግብር» ብለው ሲያጠምቁት ያሰቡት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ሥዕልና ጽሑፍ ሲጣሉ ነው። በኦገስት 2020 በዊስኮንሲን ግዛት በኬኖሻ ከተማ ፖሊስ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ በጥይት ካቆሰለ በኋላ ሁከት ተነሣ። የሲኤንኤን ዘጋቢ በሌሊት ቆሞ ይናገራል፤ ከኋላው እሳት ይንቦገቦጋል፤ ከሥሩ የተጻፈው መስመር ግን ተቃውሞው እሳት የበዛበት ሆኖም «በአብዛኛው ሰላማዊ» መሆኑን ይገልጻል። በዚያ ዓመት በመላ አሜሪካ የተካሄዱት ተቃውሞዎች ከ93 በመቶ በላይ ያለ ሁከት መጠናቀቃቸውን በሌላ ጊዜ የወጣ መረጃ ስለሚያሳይ፣ ጸሐፊው አገር አቀፉን ሥዕል አስቦ ይሆናል። ተመልካቹ ግን አገር አቀፍ ቁጥር አልነበረም የሚያየው፣ የሚነድ ነገር ነበር። ከዓይኔና ከጽሑፋችሁ የቱን ልመን የሚለው የወግ አጥባቂዎች ፌዝ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ሦስተኛውና በእኔ ግምት ከባዱ፣ ጥርጣሬ እንደ ተናጋሪው ሲፈጥንና ሲዘገይ ነው። ሪፐብሊካኑ ሴናተር ቶም ኮተን በፌብሩዋሪ 2020 የኮሮና ቫይረስ በዉሃን ካለ ቤተ ሙከራ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት አሉ። ዋሽንግተን ፖስት ኮተን የሚደጋግሙት ውድቅ የተደረገ የሤራ ንድፈ ሐሳብ ነው የሚል ርዕስ ሰጠው። ከአሥራ አምስት ወር ገደማ በኋላ ጋዜጣው ርዕሱን ለውጦ፣ «ውድቅ የተደረገ» እና «የሤራ ንድፈ ሐሳብ» የሚሉትን ቃላት ያነሣው ያኔም ሆነ አሁን ስለ ቫይረሱ ምንጭ የተቆረጠ ድምዳሜ ስለሌለ ነው የሚል ማረሚያ አከለበት። ፌስቡክም ቫይረሱ ሰው ሠራሽ ነው የሚሉ ጽሑፎችን በፌብሩዋሪ 2021 ማንሣት ጀምሮ በሜይ ተወው። ኮተን ትክክል ነበሩ ማለት አይደለም፤ ጥያቄው ገና ክፍት ሳለ በራቸው ላይ ብቻ ተዘጋ ማለት ነው።

የሃንተር ባይደን ላፕቶፕ ጉዳይ ለምን እስካሁን ይነሣል?

ሁሉም የቅሬታው ክፍሎች በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለተገናኙበት ነው። ከ2020 ምርጫ በፊት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ኦክቶበር 14 ቀን፣ ኒው ዮርክ ፖስት የዲሞክራቱ እጩ የጆ ባይደን ልጅ የሃንተር ነው፣ በዴላዌርም ከአንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የተገኘ ነው ባለው ላፕቶፕ ላይ የተመሠረተ ዘገባ አወጣ። ትዊተር የዘገባውን አድራሻ ማንም እንዳያጋራ ዘጋ፤ የጋዜጣውንም አካውንት ለሁለት ሳምንት ያህል ቆለፈ። ፌስቡክ ሥርጭቱን ቀነሰ። ኦክቶበር 19 ቀን 51 የቀድሞ የደኅንነት ባለሥልጣናት ጉዳዩ የሩሲያ የመረጃ ዘመቻ መልክ እንዳለው በደብዳቤ ገለጹ።

ደብዳቤውን ቀርቦ ላነበበው፣ ፈራሚዎቹ ኢሜይሎቹ እውነተኛ ይሁኑ አይሁኑ እንደማያውቁ፣ የሩሲያ እጅ እንዳለበትም ማስረጃ እንደሌላቸው በግልጽ ጽፈዋል። ፖሊቲኮ የተባለው የዜና ድረ ገጽ የሰጠው ርዕስ ግን ጥርጣሬውን ትቶ የሩሲያ ሐሰተኛ መረጃ ነው ማለታቸውን ብቻ አስተጋባ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጆ ባይደን በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ደብዳቤውን መልስ አድርገው አቀረቡት። «ይመስላል» የሚለው «ነው» ለመሆን የፈጀበት ጊዜ ይህን ያህል ነው። በማርች 2022 ኒው ዮርክ ታይምስና ዋሽንግተን ፖስት የኢሜይሎቹን ከፊል ትክክለኛነት አረጋገጡ፤ በጁን 2024 ሃንተር ባይደን በጦር መሣሪያ ግዢ ጉዳይ ጥፋተኛ ሲባል ላፕቶፑ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ቀርቦ ነበር። የትዊተር ኃላፊ የነበሩት ጃክ ዶርሲ እገዳውን ስሕተት ብለውታል፤ ማርክ ዘከርበርግም በኦገስት 2024 ለምክር ቤቱ በጻፉት ደብዳቤ ሥርጭቱን መቀነስ እንዳልነበረባቸው አምነዋል።

ለሚዛን ያህል፣ በወቅቱ መጠርጠር ራሱ ነውር አልነበረም። የትራምፕ ጠበቃ ሩዲ ጁሊያኒ ይዘቱን ለሌሎች የዜና ክፍሎች ለማረጋገጫ እንደልብ አልሰጡም፤ ዋሽንግተን ፖስት በኋላ ያስመረመራቸው ባለሙያዎችም ማረጋገጥ የቻሉት ወደ 22,000 የሚጠጉ ኢሜይሎችን ሲሆን አብዛኛውን ይዘት ማረጋገጥ አልቻሉም። ጆ ባይደን ከልጃቸው ንግድ በግላቸው ተጠቅመዋል የሚለው ክስም በሪፐብሊካኖች የሚመራው ምክር ቤት ምርመራ ከፍቶበት ሳለ ለክስ ድምፅ ሳይደርስ ቀርቷል። ጥፋቱ ጥርጣሬው አልነበረም፤ መጠርጠርን በማገድ መተካቱ ነበር።

በኮቪድ ወቅት የተባለው ሁለት ሚዛንስ?

ኔቫዳ በ2020 ቁማር ቤቶችን በግማሽ አቅማቸው ስትከፍት አብያተ ክርስቲያናት ስፋታቸው ምንም ይሁን ከ50 ሰው በላይ እንዳያስገቡ ከልክላ ነበር። አንድ ቤተ ክርስቲያን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በጁላይ 5 ለ4 ተረታ፤ ዳኛ ኒል ጎርሰች ግን በአንድ አንቀጽ የልዩነት ሐሳባቸው፣ ሕገ መንግሥቱ «ሲዛርስ ፓላስ» የተባለውን ቁማር ቤት ከጸሎት ቤት እንዲያስበልጥ የሚፈቅድበት ዓለም የለም ሲሉ ጻፉ። ዳኛ ሩት ባደር ጊንስበርግ አርፈው ኤሚ ኮኒ ባሬት ከተተኩ በኋላ ያው 5 ለ4 ተገለበጠ፤ ኖቬምበር 25 ቀን ፍርድ ቤቱ ኒው ዮርክ በአምልኮ ቤቶች ላይ የጣለችውን የ10ና የ25 ሰው ገደብ አገደ። በዚያው በጋ ከ1,000 በላይ የጤና ባለሙያዎች ዘረኝነትን የሚቃወሙ ሰልፎችን ደግፈው፣ የእንቅስቃሴ ገደቡን የሚቃወሙትን ሰልፎች ግን ነቅፈው በፊርማ አወጡ። ቅዳሴውን በዩቲዩብ ለተከታተለ የዋሽንግተን አካባቢ ምእመን ይህን ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ቫይረሱ የሰልፉን ዓላማ እንደማይጠይቅ ባለሙያዎቹ ከማንም በላይ ያውቁታልና።

የባይደን ዕድሜ ተሸፍኗል የሚባለው ትክክል ነው?

በከፊል። ዎል ስትሪት ጆርናል በጁን 2024 መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ በዝግ ስብሰባዎች ድካም እንደሚታይባቸው ሲዘግብ ዋይት ሃውስ አጥብቆ ተቃወመ፤ በሌሎች ሚዲያዎችም ዘገባው ብዙ ተተቸ። ቃል አቀባይዋ ፕሬዚዳንቱን ግራ ተጋብተው የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ርካሽ ቅጥፈት ብለው አጣጣሉ። ጁን 27 ቀን ባይደን በአትላንታ ከትራምፕ ጋር ተከራከሩ፤ በማግሥቱ የኒው ዮርክ ታይምስ ርዕሰ አንቀጽ ከውድድሩ እንዲወጡ ጠየቀ፤ ጁላይ 21 ቀን ወጡ። ተሸፍኗል የሚለውን የሚያለዝበው፣ መራጩ ሕዝብ ዕድሜያቸው እንደሚያሳስበው በመጠይቆች አስቀድሞ ሲናገር መቆየቱ ነው። ሕዝቡ ያየውን አልዘገቡትም ማለት ሕዝቡ እንዳያይ ጋረዱት ከማለት ይቀላል፤ እውነትም እርሱ ይመስለኛል።

ትራምፕ በምስጢራዊ ሰነድ ሲከሰሱ ክሊንተንና ባይደን ለምን አልተከሰሱም?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ መልሱም ወግ አጥባቂዎቹ እንደሚፈልጉት ቀላል አይደለም። ሂላሪ ክሊንተን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ የመንግሥት ሥራቸውን በግል የኢሜይል ሰርቨር ያካሂዱ ነበር፤ የኤፍቢአይ ኃላፊ ጄምስ ኮሚ ጁላይ 5 ቀን 2016 እጅግ ግድየለሽነት የታየበት መሆኑን ተናግረው ክስ ግን አይገባም አሉ። ባይደንን የመረመሩት ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ሁር በፌብሩዋሪ 2024 ሰነዶችን አውቀው መያዛቸውን የሚያመለክት ማስረጃ ቢያገኙም ለጥፋተኝነት አይበቃም ብለው ዘጉት፤ ከምክንያቶቻቸው አንዱ የፍርድ ሸንጎው ባይደንን ማስታወስ የደከማቸው ቅን ሽማግሌ አድርጎ ሊያያቸው ይችላል የሚል ነበር። የትራምፕ መኖሪያ ማር ኤ ላጎ ደግሞ ኦገስት 8 ቀን 2022 ተፈተሸ፤ በጁን 2023 በ37 ክሶች ተከሰሱ። የክስ መዝገቡ ላይ ካሉት ፎቶዎች አንዱ በመታጠቢያ ቤት የተከመሩ ካርቶኖችን ያሳያል።

ሁር ራሳቸው ልዩነቱን ጽፈውታል። ባይደን ሰነዶቹ ሲገኙ አስረክበው ቤታቸውን አስፈትሸዋል፤ በትራምፕ ላይ የቀረበው ክስ ግን ለወራት አልመልስም ማለትንና ምርመራ ማደናቀፍን ይጨምራል። ልዩነቱን በፓርቲ ብቻ ለሚተረጉም ሰው የሚያስቸግረው የማይክ ፔንስ ጉዳይ ነው፤ ሪፐብሊካኑ የቀድሞ ምክትል ፕሬዚዳንት በ2023 በኢንዲያና ቤታቸው ምስጢራዊ ሰነዶች ሲገኙ አሳውቀው አስረከቡ፣ አልተከሰሱምም። ሚዛኑ ፓርቲ ቢሆን ኖሮ ፔንስ ከትራምፕ ጎን በቆሙ ነበር። የትራምፕን ክስ ዳኛ አይሊን ካነን ጁላይ 15 ቀን 2024 የልዩ ዐቃቤ ሕጉን አሿሿም ምክንያት አድርገው ውድቅ ስላደረጉት ማስረጃው በሸንጎ አልተፈተነም።

ከዚህ ንጽጽር የሚቀረው ጠንካራ ቅሬታ የክሊንተን ነው፤ ኢሜይሎች ስለተሰረዙና አሮጌ ስልኮች ስለተሰባበሩ፣ «ግድየለሽነት» የሚለው ቃል ለሌላ ሰው ይሠራ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

ወግ አጥባቂዎቹ ራሳቸው ሁለት ሚዛን አይጠቀሙም?

ይጠቀማሉ፤ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለውም ለዚህ ነው። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በፌብሩዋሪ 2016 ሲያርፉ የሴኔቱ መሪ ሚች መኮኔል የምርጫ ዓመት ነውና ሕዝቡ ይወስን ብለው ፕሬዚዳንት ኦባማ ያቀረቧቸውን ሜሪክ ጋርላንድን አንድም ቀን ሳያስመሰክሩ ለ293 ቀናት አስቀመጧቸው። ሴናተር ሊንዚ ግራሃም በዚያን ጊዜ ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ቢሆንም ይኸው ደንብ እንደሚሠራ ተናግረው ቃሌን መልሳችሁ ንገሩኝ ብለው ነበር። ጊንስበርግ በሴፕቴምበር 2020 ሲያርፉ ግራሃም የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ባሬት ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው በ52 ለ48 ድምፅ ጸደቁ። መኮኔል ሴኔቱና ዋይት ሃውሱ በአንድ ፓርቲ እጅ መሆናቸው ልዩነት ያመጣል ብለው አስረድተዋል። በ2016 ሲነገር የነበረው ግን ሕዝቡ ይወስን የሚል ነበር።

በሚዲያውም በኩል ፎክስ ኒውስ የ2020 ምርጫ በድምፅ መስጫ ማሽኖች ተጭበርብሯል የሚለውን ወሬ በማሰራጨቱ ከዶሚኒየን ኩባንያ ቀርቦበት የነበረውን ክስ በኤፕሪል 2023 በ787.5 ሚሊዮን ዶላር ዘግቶታል። ከክሱ ጋር የወጡት የውስጥ መልእክቶች ታዋቂ አቅራቢዎቹ በአየር ላይ የሚስተናገደውን ወሬ በግል እንደማያምኑት አሳይተዋል። ሪፐብሊካኖች ሥልጣን ሲይዙ ደግሞ ፈተናው ከፋ። በሴፕቴምበር 2025 የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ኃላፊ ብሬንደን ካር የኮሜዲያኑን የጂሚ ኪመልን ጣቢያ እርምጃ እንደሚጠብቀው በሚያስጠነቅቅ ቃል ከተናገሩ በኋላ ፕሮግራሙ ለቀናት ታገደ። ይህን የማፍያ አነጋገር ነው ብለው የተቃወሙት የቴክሳሱ ወግ አጥባቂ ሴናተር ቴድ ክሩዝ ናቸው፤ ዛሬ የእኛ ሰዎች የሚይዙትን ዱላ ነገ ዲሞክራቶች ይይዙታል የሚል ነበር ሐሳባቸው።

ሁለቱም ወገን ሚዲያው ይበድለናል ካለ ማን ልክ ነው?

በ1985 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በቤይሩት በሳብራና ሻቲላ ስለተፈጸመው የ1982 ጭፍጨፋ የተላለፉ የቴሌቪዥን ዜናዎችን ለእስራኤል ደጋፊዎችና ለአረቦች ደጋፊዎች አሳዩ። ያዩት አንድ ዓይነት ፊልም ነው፤ ሁለቱም ወገን ግን ዜናው እኛን ይበድላል አሉ። ስለዚህ «ተበደልን» የሚለው ስሜት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ይህ ግን ሁለቱም ከጮኹ ሚዲያው መሐል ላይ ነው የሚለውን የዜና ክፍሎች መጽናኛ አያጸድቅም። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ጋለፕ በ1976 ባደረገው መጠይቅ 72 በመቶ አሜሪካውያን ሚዲያውን ያምኑ ነበር፤ በ2024 የሚያምኑት 31 በመቶ ሲሆኑ፣ ከዲሞክራቶች 54፣ ከሪፐብሊካኖች ግን 12 በመቶ ብቻ ናቸው። ስሜቱ እኩል ቢሆን ኖሮ ቁጥሩም እኩል በወረደ ነበር።

የቪኦኤ አማርኛ መቋረጥ ከዚህ ክርክር ጋር ይገናኛል?

በቀጥታ ይገናኛል። ትራምፕ ማርች 14 ቀን 2025 የአሜሪካ ድምፅን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት እንዲቀነስ ትእዛዝ ሲሰጡ፣ ዋይት ሃውስ ጣቢያውን በግራ ዘመም አድልዎ የሚከስ ዝርዝር አወጣ፤ በማግሥቱ ከ1,300 በላይ ሠራተኞች ፈቃድ እንዲወጡ ተደርጎ ከ1982 ጀምሮ ሲሰማ የኖረው የአማርኛ ክፍልም ዝም አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኛ ሮይስ ላምበርዝ በኤፕሪል ሥርጭቱ እንዲመለስ አዘዋል፤ ክርክሩም ቀጥሏል። በጁላይ ምክር ቤቱ ለሕዝባዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰርዟል። ሁለቱም እርምጃዎች የተደገፉት አግኒው በ1969 ባነሡት ሐሳብ ነው።

ለአማርኛ አድማጭ ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው ሌላ ነው። በዝርዝሩ የተነሡት የአድልዎ ምሳሌዎች በአሜሪካ የውስጥ ፖለቲካ ላይ ያተኮሩ ሲሆኑ፣ የአማርኛው ክፍል አድማጭ ያለው ሌላ አገር፣ የሚያከራክረውም ሌላ ጉዳይ ነው። በማርች 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአማርኛውን ሥርጭት የዘር ማጥፋት ከቀሰቀሰው ከሩዋንዳው «ሚል ኮሊን» ሬዲዮ ጋር አመሳስለው ማፈኑን እንደሚያጸድቁ ሲናገሩ፣ የአሜሪካ መንግሥት ንጽጽሩን አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። በአዲስ አበባ ሞገዱን ያፈነው መንግሥት ጣቢያው የጋዜጠኝነትን ሥነ ምግባር ይጥሳል ብሎ ነበር፤ በዋሽንግተን ማሰራጫውን ያጠፋውም ተቀራራቢ ክስ አቅርቧል።